ለስልኩ የሠራሁት ሳጥን

ጥቅምት 6 ቀን

በሰው አገር ለምትለፊው ለእህቴ ልጅ፤

እንዴት ሰነበትሽ? ጤናሽ፣ ጉልበትሽ፣ ያ የሚያስቸግርሽ ወገብሽ እንዴት ነው? የሰማይ አምላክ ከክፉ ሁሉ ይሰውርሽ። እጅሽ የነካው ይባረክ፤ የምታነሺያቸውና የምታስተኚያቸው አረጋውያንም ይመርቁሽ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም ቢሆን ደረጃ ካላየ አይናገርም።

ወረቀት ሲደርስሽ ሰው የሞተ እንዳይመስልሽ። ማንም አልሞተም። በስልክ እንዳልነግርሽ፣ በዚህ ቤት ያንቺን ፊት የሚያሳይ ስልክ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የልጅሽ ነው። ስትደውዪ እሷ ትይዝልኝና አጠገቤ ትቆማለች፤ እኔም «ደህና ነን፣ ደህና ነን» እላለሁ። እሷው ይዛልኝ ስለ እሷ ምን ልበልሽ? የኔዋ አሮጌ ስልክ ደግሞ ውጭ አገር ስደውልባት ገና ሰላምታ ሳልጨርስ እሷ ሂሳቧን ትጨርሳለች። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን «እኔ ልጻፍልህ» ብላኝ ነበር፤ የቤቴን ገመና በሰው እጅ አላስጽፍም አልኳት። ተቀየመች። ትቀየም። ፊደሌን እያየሽ እንዳትስቂ፤ ከቁልፍ ጥርስ ሌላ ነገር ቀርጬ አላውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጅሽ አትተኛም።

በእሷና በእኔ መኝታ መሃል ያለው ጣውላ መሆኑን ታውቂያለሽ። ለሽንት ስነሳ በጣውላው ስንጥቅ ብርሃን አያለሁ። ብርድ ልብሱን እስከ አናቷ ተከናንባ ስልኩን ፊቷ ላይ ደቅና ትቆያለች። ጠዋት ስቀሰቅሳት ዓይኗ ቀልቷል፣ ፊቷ አብጧል፤ ዳቦውን ነክሳ ትተወዋለች። አስተማሪዋ አስጠርቶኝ ክፍል ውስጥ ዴስክ ላይ ተደፍታ እንደምትተኛ ነገረኝ። አሥራ ስድስት ዓመት የሞላት ልጅ እንደ ሕፃን በቀን ትተኛለች ማለት ነው።

ድሮ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ወርውራ ኪዮስኬ ትገባና ብረት መያዣው ሞርሳ ላይ ቁልፍ አስራ ትሞርድልኝ ነበር። ስሟን ማን ይጠራዋል፤ ደንበኛው ሁሉ «ሞረዷ የለችም ወይ» ነው የሚለኝ። ምላሷም እንደ ሞረድ ስለሆነ ስሙ ተስማማት። አሁን ምላሷም ዶለዶመ። ብሰድባት እንኳ አትመልስልኝም። እኔን ያስፈራኝ እንቅልፉ ሳይሆን ይሄ ነው።

ባለቤቴ ብትኖር ኖሮ ታውቅበት ነበር፤ ነፍሷን ይማር። እኔ የማውቀው በር ሲዘጋ መክፈት ነው። ምን እንደማደርግ ጻፊልኝ።

ሰው ሲመጣ ካገኘሽ ቀጭን ክብ ሞረድ ላኪልኝ። እዚህ የሚሸጠው በሳምንቱ ይላጣል።

አጎትሽ፣ ቁልፍ ቀራጩ


ኅዳር 4 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፤

እንደ አባት ላሳደጉኝ፣ ዛሬም ልጄን ይዘው ለቆሙልኝ፣ ሰላምታዬ ከእግርዎ ሥር ይድረስ። ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፤ ጉልበትዎን ይማርልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ሥራውም ደህና ነው፤ ስለ እኔ ምንም አያስቡ።

ደብዳቤዎን ደጄ ላይ ቆሜ ከፈትኩት። አንድ ነገር ግን ልንገርዎት፤ እኔም አውቅ ነበር። ከአረጋውያኑ ቤት ስወጣ እዚህ ገና ምሽት ነው፤ እናንተ ጋ ግን ሌሊቱ ተጋምሷል። አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጬ ስልኬን ስከፍት ስሟ አጠገብ አረንጓዴ ነጥብ በርታ አያለሁ። አጎቴ፣ ያቺ ነጥብ የምትበራው ሰውዬው በዚያች ሰዓት ስልኩን ከፍቶ ሲያይ ነው። ሌሊት በሌሊት ትበራለች። ከማን ጋር ነው የምታወራው እያልኩ ቤቴ እገባለሁ። ልጠይቃት አስቤ «ትሰልዪኛለሽ ወይ» እንዳትለኝ ፈራሁ። ከሩቅ ሆኜ የቀረችኝ ፍቅሯ ብቻ ናት፤ እሷን ደግሞ በቁጣ ላጣት አልፈልግም።

ስለዚህ እርስዎ ይቆጡልኝ። ማታ ማታ ስልኩን ይቀሟት። የገዛሁት እኔ ነኝ፤ እኔ ፈቅጃለሁ። እኔ እንዳልኩ ግን አይንገሯት።

ሞረዱን ወደ አገር ቤት ለሚመጣ መንገደኛ ሰጥቻለሁ። ቀጭኑም ወፍራሙም አለበት።

ልጅዎ


ታኅሣሥ 1 ቀን

ለእህቴ ልጅ፤

ሰላምሽ ይብዛ፤ ቤትሽ ይሙቅ፤ ጫማሽ እርጥብ አይርገጥ። ሞረዱ ደረሰኝ። እንዲህ ያለ ብረት ካየሁ ዘመን የለውም። ለማንም አላውስም።

ያልሽውን አደረግሁ፤ ያውም በወጉ። መቀማት የሌባ ሥራ ነው፤ እኔ ሳጥን ሠራሁ። ከወፍራም ቆርቆሮ፣ ውስጡን በአሮጌ ኮቴ ገበር አለበስኩት፤ ስልክ ቢሆንም ዕቃ ነው፣ አይጫር። ቁልፉን እኔው ከባዶ ቆርጬ አወጣሁት። ጥርሱን ሳያይ ማንም አይከፍተውም፤ በዚህ ከተማ ያለ ቁልፍ ቀራጭ ሁሉ ተሰብስቦ ቢሞክረው አፍሮ ይመለሳል። እራት ሲያልቅ ስልኩ ይገባል፣ እቆልፋለሁ፣ ቁልፉ አንገቴ ላይ ይንጠለጠላል። ሲነጋ እከፍታለሁ።

መጀመሪያ ያሳየኋት ቀን ሳቀች። «አባባ፣ ለስልክ የሬሳ ሣጥን ሠራህለት?» አለችኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ ምላሷ ሞረደኝ ብዬ ደስ አለኝ። ኋላ ግን ስቆልፈው አላየችኝም። ፊቷን ወደ ጣውላው አዙራ ተኛች። በስንጥቁ ብርሃን ጠፋ። እኔም ድሌን ይዤ አንኮራፋሁ።

እንቅልፉ እንግዲህ ተስተካክሏል ብያለሁ። ፊቷ ግን እስካሁን አልተፈታም። ይፈታል፤ ጊዜ ይፈልጋል።

አንድ ሌላ ነገር። የትምህርት ቤቱ አማካሪ የምትባል ልጅ እግር ሴት ጠርታኝ ነበር። ስለ ልጅቷ ስሜት፣ ስለ ጭንቀት፣ ስለ ሐኪም ታወራልኛለች። «ልጅቷ እብድ አይደለችም፣ እንቅልፍ ነው ያጣችው፣ እሱንም ቆልፌ አስተካክያለሁ» ብያት ኮፍያዬን አድርጌ ወጣሁ። ዕድሜዋ ከእኔ ሞርሳ ያንሳል። እሷ ናት ልጅ ማሳደግ የምታስተምረኝ?

ሌላ የሚቸግረኝ የለም። ላኪ የምልሽም የለም።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 22 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፤

ጤናዎን እየተመኘሁ በአጭሩ እጽፋለሁ፤ እረፍት ሰዓቴ ላይ ሆኜ ነው።

ሳጥን ሠራሁ፣ ቆለፍኩ፣ ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው ብለውኛል። አምንዎታለሁ። ግን አጎቴ፣ ነጥቧ አሁንም ትበራለች። ደብዳቤዎን ካነበብኩ ወዲህ ሁልጊዜ አየሁ። ከአውቶቡስ ፌርማታው ጀምሬ አያለሁ፤ በርታ ነው የማገኛት።

ሌላ ስልክ አላት? ማን ሰጣት? እባክዎ ሳይቆጡ ይዩልኝ። ስደውልላት «ደህና ነኝ እማ» ትለኛለች። ድምጿን አላውቀው አልኩ።

ልጅዎ


ጥር 18 ቀን

ለእህቴ ልጅ፤

እግዚአብሔር ልብሽን ያጽናልሽ። ይህን ደብዳቤ ተቀምጠሽ አንብቢው።

ባለፈው በአማካሪዋ ስልክ ደውዬ የነገርኩሽ የነገሩ ጫፍ ነው። አንቺ ታለቅሻለሽ፣ ስልኩ የሰው ነው፣ አማካሪዋ አጠገቤ ቆማለች፤ ሁሉን መዘርገፍ አልቻልኩም። አሁን ከሥሩ ልጻፍልሽ።

«ነጥቧ ትበራለች» ያልሽው ደብዳቤ ሲደርሰኝ መጀመሪያ ባንቺ ተናደድኩ። የእኔን ቁልፍ የሚከፍት ማን ተወልዶ ነው አልኩ። ከዚያ መነጽሬን አድርጌ የሳጥኑን ቁልፍ ቀዳዳ አየሁት። አፉ ላይ አዲስ ጭረት አለ፤ ከእኔ ቁልፍ ጥርስ ጋር የማይገጥም። ሌላ ስልክ የላትም። ሌላ ቁልፍ ግን አለ።

ማታ እንደ ወትሮዬ ቆለፍኩ፣ እንደ ወትሮዬ አንኮራፋሁ፤ የውሸት ማንኮራፋት ይከብዳል፣ ሞክሪው። ሌሊቱ ሲጋመስ በባዶ እግሯ ወጣች። ሳጥኑን ከፈተችው። ልጄ፣ ቁልፉ ድምፅ አላሰማም። የእኔ ሲዞር ያጉረመርማል፤ የእሷ ቅቤ ላይ እንዳለ ቢላ ዞረ። ከኪዮስኬ ባዶ ቁልፍ ወስዳ፣ የእኔን አንገቴ ላይ እንዳለ እራት ስንበላ በዓይኗ ለክታ፣ በላክሽልኝ ቀጭን ሞረድ ቀርጻዋለች። ልቆጣ ነው የተነሳሁት፤ እግዜር ይይልኝ፣ ኩራት ያዘኝና ቆምኩ።

ከማን ጋር እንደምታወራ ልይ ብዬ ጠበቅሁ። ከማንም ጋር አላወራችም። ወለሉ ላይ ተቀምጣ አውራ ጣቷን ወደ ላይ ወደ ላይ ትገፋለች። ሰዎች ያልፋሉ፣ ፊቶች ያልፋሉ። አንዳንዱ ላይ ቆም ትልና በእጅጌዋ ዓይኗን ትጠርጋለች። ደግሞ ተመልሳ አንድ ቦታ ትሄዳለች፤ ታያለች፤ ተመልሳ ትገፋለች። እንደገና እዚያው ቦታ። ሳልኩ። አልደነገጠችም እንኳ። ለመደንገጥም የደከማት ነው የመሰለኝ።

«ማንን ነው የምታዪው?» አልኳት።

ስልኩን ወደ እኔ አዞረችው። አንቺ ነሽ። ቀይ ካፖርት ለብሰሽ፣ መናፈሻ ውስጥ፣ የሰው ሕፃን ጭንሽ ላይ አስቀምጠሽ ጥርስሽ እስኪያልቅ ስትስቂ። አጠገቡ ያቺ ነጥብ በርታለች።

«ይቺ ስትበራ እናቴ ከሥራ ወጣች ማለት ነው» አለችኝ። «በደህና ወጣች ማለት ነው። ስትጠፋ ቤቷ ገባች፣ ተኛች ማለት ነው። ከዚያ እተኛለሁ።»

«ታዲያ እዚያው ላይ ለምን አትጽፊላትም?»

«ለምን አልተኛሽም ትለኛላ።»

ፎቶሽን በጣቷ እየነካች «ታየዋለህ አይደል አባባ፣ ደስ ብሏታል። ምን ብዬ ነው የምረብሻት?» አለችኝ።

አንቺን ስትጠብቅ ነው ሌላው ሁሉ የሚገባባት። ነጥብሽ እስክትጠፋ ዝም ብላ አትቀመጥም፣ የሰው ፊት ታያለች። የክፍሏ ልጆች አንዷ ካንዷ ተሽለው፣ ተኳኩለው፣ ስቀው። እሷም አንድ ቀን ፎቶዋን አወጣች። አንዱ ስለ ጥርሷ ጻፈ፣ ሌላው በሱ ላይ ጨመረ፣ ሌላው ሳቀ። ፎቶውን አጠፋችው፤ የጻፉትን ግን በቃሏ ታውቀዋለች። አንድ በአንድ አለችልኝ፣ እንደ ጥናት። እኔ እሱን ልጅ አባቱ ጋ ሄጄ ልነጋገር ብል ሣቀችብኝና «አባባ፣ አንዱ ብቻ መሰለህ?» አለችኝ።

ከዚያ ያን ቃል ተናገረች። በስልክ የነገርኩሽን። «አንዳንድ ቀን ጠዋት ባልነቃ ደስ ይለኝ ነበር» አለች፤ ውሃ ጠማኝ እንደማለት፣ ድምጿን ሳትቀይር።

 ኮቴን አውልቄ ጫንኩባትና አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።  ኋላ ልነሳ ብል ጉልበቴ እምቢ አለ፤ እሷው በሁለት እጇ ጎትታ አነሳችኝ። «ማን ማንን እንደሚያስተኛ አላውቅም» አለችና ትንሽ ሳቅን።

ሲነጋ ኪዮስኩን አልከፈትኩም። ኮፍያዬን በእጄ ይዤ አማካሪዋ ቢሮ ሄድኩ። ያባረርኳት ልጅ ወንበር ስባ አስቀመጠችኝ፤ ያን ቀን ያልኳትን አንድም አላነሳችብኝ። ቃሉን ስነግራት እስክሪብቶዋን አስቀምጣ በደንብ ሰማችኝ። በዚያው ቀን ክሊኒክ ወሰደችን። ሐኪሟ ልጅቷን ለብቻዋ አነጋገረቻት፤ እኔ ውጭ አግዳሚው ላይ ሆኜ ኮፍያዬን ስጠመዝዝ ቅርጹን አጣ።

ያሉኝን በገባኝ ልንገርሽ። ሰው እንቅልፍ ሲያጣ፣ ያውም በዚህ ዕድሜ፣ ትንሹ ነገር ይገዝፍበታል፤ የተጻፈባት ስድብ በቀን ቢሆን የምትስቅበት፣ በሌሊት ግን የዓለም ፍርድ ይሆናል። የከፋው ሰው ደግሞ አይተኛም፣ ስልኩን ያነሳል። አንዱ ሌላውን ይጎትታል። ስልኩ ማታ ከመኝታዋ ይውጣ አሉ፤ ግን በግድ አይደለም፣ እሷም ስትስማማ። ብቻዋን እንዳትሆን፣ ራሷን የምትጎዳበት ነገር በቤቱ እንዳይቀመጥ፣ በየሳምንቱ እየመጣች እንድታወራ አዘዙ። ሳጥኑን ስነግራቸው ሐኪሟ «ሐሳቡ ጥሩ ነበር፣ ውስጡ ያለውን አልጠየቁም እንጂ» አለችኝ። ሳጥኑ ውስጥ ያለው ስልክ ነው ልላት ነበር። ኋላ ግን ገባኝ። እኔ ስቆልፍ የኖርኩት ስልኩን ሳይሆን አንቺን ነበር።

አሁን አንድ ነገር እለምንሻለሁ፤ ሞረድም አልፈልግም። የወረቀት ፎቶ ላኪልኝ። ካፖርቱን ተይው። ከሥራ እንደወጣሽ፣ በሥራ ልብስሽ፣ ዓይንሽ እንዳበጠ። እኔ ሳሳድግሽ ስትስቂ አየሁሽ፤ እንደዚያ ስትስቂ ግን አይቼሽ አላውቅም።

አጎትሽ


የካቲት 20 ቀን

ለእህቴ ልጅ፤

ጤና ይስጥሽ። በየቀኑ ትደውያለሽ፤ ለዚያ ተባረኪ። ስለ ፎቶው ግን አንድ ቃል አልተነፈስሽም። ልጅሽ ስልኩን ይዛልኝ ስለቆመች እኔም አልጠየቅኩሽም።

ተቀይመሽኝ ከሆነ ተቀየሚኝ። ልብስ ሰፊዋም እስካሁን እንደተቀየመች ናት፤ ከመቀየሟ ጋር ግን እኔ ደንበኛ ሲይዘኝ እየመጣች ከልጅቷ ጋር ትቀመጣለች። የተቀየመ ሰውም ይጠቅማል።

ልጅቷ ቀጠሮዋን አልሳተችም። እንቅልፏ ግን ገና ነው። አንቺ እስክትገቢ ድረስ ዓይኗ አይከደንም፤ ስልክ ባይኖርም ጣውላውን ስታይ ትቆያለች።

ፎቶውን እጠብቃለሁ።

አጎትሽ


መጋቢት 15 ቀን

ለአጎቴ፣ ለአባቴም፤

ዘግይቼ ስጽፍልዎ በእርስዎ ተቀይሜ አይደለም። እግዚአብሔር ያክብርልኝ፤ ልጄን አነሱልኝ።

ፎቶውን አረጋውያኑ ቤት አብራኝ የምትሠራው ሴት ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ አነሳችኝ። አሳትሜው ካየሁት በኋላ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። አወጣሁት፤ ደግሞ ከተትኩት። ልጄ እንዲህ ሆኜ እንድታየኝ አልፈለግሁም። ካፖርቱ የእኔ አይደለም አጎቴ፤ የዚያችው የሥራ ባልደረባዬ ነው፣ ሕፃኗም የእሷ ናት። ለፎቶ ያህል ለበስኩት፣ ለፎቶ ያህል አቀፍኳት። ደክሜ ባየችኝ ትጨነቃለች ብዬ ነው የሳቅኩት። ደስ ብሏታል ብላ ዝም ትላለች ብዬ እንዴት ላስብ።

ሌላም አለ፤ ይህን ስጽፍ ራሴን ይዤ ነው። እርስዎ «ነጥብሽ ስትጠፋ ትተኛለች» ብለው የጻፉልኝን ሳነብ አውቶቡስ ውስጥ ነበርኩ። እኔ ስልኬን የማልዘጋው የእሷ ነጥብ እስክትጠፋ ነው። ተኛች ብዬ ሳላረጋግጥ አልዘጋም። መውረጃዬን አልፌ ሄጄ በእግሬ የምመለስበት ጊዜ ብዙ ነው። እሷ የእኔን መጥፋት ትጠብቃለች፤ እኔ የእሷን። አንዳችንም ቀድመን አንዘጋም። አጎቴ፣ ልጄን እንቅልፍ የነሳኋት እኔው ነኝ፤ እሷም እኔን።

አለቃዬን ወደ ጠዋት ፈረቃ እንዲያዛውረኝ ለምኜዋለሁ፤ ተራሽን ጠብቂ ብሎኛል። እስከዚያ ከሥራ ስወጣ ስልኬን አልከፍትም። ጠዋት ተነስቼ ሥራ ከመግባቴ በፊት እደውልላታለሁ፤ እናንተ ጋ ከትምህርት ቤት የምትመለስበት ሰዓት ነው። ኪዮስኩ ውስጥ ትጠብቀኝ። እንደ ደከመኝ እነግራታለሁ። እሷም እንደከፋት ትንገረኝ።

ፎቶው ከዚህ ጋር ነው።

ልጅዎ


ሚያዝያ 12 ቀን

ለእህቴ ልጅ፤

ሰላምና እረፍት ይስጥሽ። ዛሬ ከሁሉም እረፍቱን ነው የምመኝልሽ።

ፎቶሽ ደረሰ። እኔ አይቼ ፊቴን አዞርኩ። ልጅሽ ግን ሞርሳው አጠገብ ቆማ ብዙ አየችው። የተጠቀለለውን እጅጌሽን፣ የጫማሽን ክር፣ ዓይንሽን። «ደክሟታል» አለች። ከዚያ አለቀሰች፤ እንደ ወትሮው በእጅጌዋ እየጠረገች አይደለም፣ እንደ ልጅ፣ ድምፅ አውጥታ። ቁልፍ ሊያስቀርጽ የቆመ ሰውዬ ነገ እመጣለሁ ብሎ ሄደ። አልመጣም። ይቅርበት።

ፎቶው አሁን ሳጥኑ ክዳን ላይ ነው፣ ከውስጥ በኩል። ማታ ስልኩን ስታስገባ ታይሻለች፤ ትዘጋዋለች። የምታስገባው እሷ ናት፤ እኔ እጄን አላስገባም።

ተስተካከለ ብዬ አልዋሽሽም፤ አንድ ጊዜ ፎክሬ አይተሽኛል። ክፉ ሌሊት አሁንም አለ። እንዲያ ሲሆን ጣውላውን ታንኳኳለች፣ እኔም እነቃና እናወራለን፤ ሐኪሟ ናት እንዲህ አድርጉ ያለችው። የማወራው ስለ ቁልፍ ስለሆነ ቶሎ እንቅልፍ ይወስዳታል። ክሊኒኩንም አላቋረጠችም። ከክፍሏ ልጆች አንዷ ኪዮስኩ ድረስ መጥታ አብራት ተቀምጣ ሄዳለች፤ ምን እንዳወሩ አልጠየቅኩም፣ ሳቅ ግን ሰምቻለሁ። ትናንት ደግሞ ማንኮራፋቴ የቤቱን ጣራ እንደሚያነሳ፣ ለእኔም ሳጥን ሊሠራልኝ እንደሚገባ ነገረችኝ። ምላሷ ተመልሷል። ሰደብኳት፤ ሰደበችኝ። ከተማው ውስጥ ከእኔ የተሻለ ደስ ያለው ሽማግሌ ያለ አይመስለኝም።

ከደብዳቤው ጋር አንድ ቁልፍ ታገኚያለሽ። ያ በስውር የቀረጸችው ነው። አገላብጬ አይቼዋለሁ፤ ከእኔ ይሻላል፣ ለሷ ግን አልነገርኳትም። እኔ አልወሰድኩባትም። ራሷ ከፍራሿ ሥር አውጥታ «ለእማ ላክላት፣ እሷ ጋ ይቀመጥ» አለችኝ። የጠዋቱን እኔ በራሴ ቁልፍ እከፍታለሁ። የሌሊቱ ቁልፍ አንቺ ጋ ነው።

ይህንንም በስልክ ንገሪያት ብላት እምቢ አለችኝ። ቃል ገብቼ ቢያቅተኝስ፣ መጀመሪያ ልልመደው አለች። ስለዚህ የምነግርሽ እኔ ነኝ። ከሥራ ስትወጪ አልከፍትም ያልሽውን ስልክ ከፍተሽ ማየትሽ እንደማይቀር አውቃለሁ፤ እኔ ነኝ ያሳደግሁሽ። ስሟ አጠገብ ጨለማ ሆኖ ደንግጠሽም ይሆናል።

አትደንግጪ። ተኝታ ነው። መውረጃሽ ሲደርስ ውረጂ።

አጎትሽ